የተደበቀውን ሙቀት ማን ቆጠረው?

«ሙቀት» የምትለዋ ቃላችን ሁለት ሥራ ደርባ ትሠራለች። ልጅ ሲያተኩሰው «ሙቀቱ 39 ገባ» እንላለን። ምድጃ ዳር ተቀምጠን ደግሞ «ሙቀቱ ደስ ሲል!» እንላለን። የመጀመሪያው ቴርሞሜትር የሚያነበው ቁጥር ነው። ሁለተኛው ከእሳቱ ወጥቶ ወደ ገላችን የገባው ነገር ነው። አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ይህ የአማርኛ ድህነት እንዳይመስላችሁ። የአውሮፓ ሊቃውንትም እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ሁለቱን ሲያምታቱ ነው የኖሩት። ልዩነቱን አጥርቶ ለማሳየት አንድ ሐኪም ሁለት የብርጭቆ ኳሶች አዳራሽ ውስጥ ሰቅሎ አሥር ሰዓት ተኩል መጠበቅ ነበረበት።

ዛሬ የማወጋችሁ የዚያን ልዩነት ታሪክ ነው። ጉዳዩ የፊዚክስ መምህራን ብቻ አይደለም። ፀሐይ ስትወጣ ሙቀት አስቀምጦ ማታ ማውጣት የሚፈልግ ሁሉ፣ ክትባት ይዞ ገጠር የሚወርድ ሁሉ፣ ያለ ማገዶ እንጀራ መጋገር የሚያልም ሁሉ ይመለከተዋል። መቼም ነገሩ ሲጀመር ቀላል ይመስላል፦ የሚቀልጥ ነገር ፈልግ፣ ቀን አቅልጠው፣ ማታ ሲጠጥር ሙቀቱን ውሰድ። ፈረንጆቹ እንዲህ ያሉትን ቁሶች «ፌዝ ቼንጅ ማቴሪያል» ይሏቸዋል፤ እኛ ለዛሬ «ቀላጭ ቁስ» ብለን እንለፋቸው። ችግሩ ሙቀቱን መደበቅ አይደለም። መቼ እንደሚወጣና በምን ፍጥነት እንደሚወጣ አስቀድሞ ማስላት ነው። ይህን ስሌት ለማቃናት ሁለት መቶ ስድሳ ዓመት ያህል ተለፍቶበታል፤ ልፋቱም አላበቃም።

(ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

ሁለት ኳሶች በአንድ አዳራሽ

ጆሴፍ ብላክ በ1728 ተወልዶ በ1799 ያረፈ የስኮትላንድ ሐኪምና የኬሚስትሪ መምህር ነው። በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር አንድ ጥያቄ አላስቀምጥ አለው። በዘመኑ የነበረው እምነት «በረዶ ወደ መቅለጫው ነጥብ ከደረሰ በኋላ ጥቂት ሙቀት ብትጨምርለት ሁሉም ባንዴ ይቀልጣል» የሚል ነበር። ብላክ ግን ተራራውን አይቶ እንዲህ አሰበ፦ ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ ክረምቱ አልፎ አየሩ ትንሽ ሞቅ ባለ ቁጥር በየተራራው ያለው በረዶ ባንዴ ውሃ ሆኖ አገሩን ጠራርጎ በወሰደው ነበር። አልወሰደውም። ስለዚህ በረዶው ለመቅለጥ ብዙ ሙቀት እየበላ፣ ጊዜ እየወሰደ መሆን አለበት።

እንግዲህ ፈተናውን ተመልከቱት፣ ቅለቱ ያስቀናል። ሁለት እኩል የብርጭቆ ኳሶች ወሰደ። በእያንዳንዳቸው አምስት አምስት አውንስ ውሃ ጨመረ። የአንዱን ውሃ አጠጠረው፤ የሌላውን ሳይጠጥር ከመጠጠሪያው ነጥብ አንድ ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ በ33 ፋራናይት አስቀረው። ከዚያ ሁለቱንም 47 ፋራናይት በሆነ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ሰቀላቸው። ፈሳሹ ውሃ በግማሽ ሰዓት ሰባት ዲግሪ ጨምሮ 40 ገባ። በረዶው እዚያው 40 ለመድረስ አሥር ሰዓት ተኩል ፈጀበት።

ብላክ ሒሳቡን ያሰላው እንደ ባለሱቅ ነው። አዳራሹ ለሁለቱም ኳሶች በእኩል ፍጥነት ሙቀት ይሰጣል። አሥር ሰዓት ተኩል ማለት 21 ግማሽ ሰዓት ነው። በግማሽ ሰዓት ሰባት ዲግሪ ከሆነ በ21 ግማሽ ሰዓት 147 ዲግሪ ሙቀት ገብቷል ማለት ነው። ቴርሞሜትሩ ያሳየው ግን ከ32 እስከ 40 ያለውን ስምንት ዲግሪ ብቻ ነው። 139 ዲግሪ የት ገባ? ብላክ «ተደብቋል» አለ። በእንግሊዝኛ የሰጠውም ስም ይኸው ነው፤ ድብቅ ሙቀት። በ1762 ግላስጎው ውስጥ ለነበረ የምሁራን ማኅበር ውጤቱን አነበበ። ዛሬ በዘመናዊ መሣሪያ የሚለካው ቁጥር 144 ገደማ ነው። ሰውዬው በአዳራሽ አየርና በአንድ ቴርሞሜትር ከእውነተኛው የራቀው በመቶ አራት እንኳ አይሞላም።

በእኛ ቋንቋ ብንናገረው ነገሩ ሰምና ወርቅ ነው። ቴርሞሜትር ሰሙን ያነባል። ወርቁ፣ ማለትም በረዶውን ከጠጣርነት ለማላቀቅ የዋለው ሙቀት፣ ከቁጥሩ ሥር ተቀምጧል። ብዛቱንም ለመገመት አንድ ምሳሌ ይበቃል። አንድ ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ የሚያስፈልገው 334 ኪሎጁል ነው። ይህ አንድ ኪሎ ውሃ ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ እስከ 80 ለማሞቅ የሚበቃ ነው። ውሃው ሲጠጥር ደግሞ ያንኑ ያህል ይመልሳል። ቀላጭ ቁስ የሙቀት ጎተራ እንዲሆን ያስመኘውም ይኸው ነው።

ድንበሩ አልቆም ሲል

ብላክ «ስንት?» የሚለውን መለሰ። «በምን ያህል ጊዜ?» የሚለው ግን ሌላ ራስ ምታት ነው። ለምን ቢሉ፣ ነገሩ ሲቀልጥ ወይም ሲጠጥር በጠጣሩና በፈሳሹ መካከል ያለው ድንበር ይንቀሳቀሳል። ሙቀቱ እንዴት እንደሚጓዝ ለማስላት ድንበሩ የት እንዳለ ማወቅ አለባችሁ። ድንበሩ የት እንዳለ ለማወቅ ደግሞ ሙቀቱ እንዴት እንደተጓዘ ማስላት አለባችሁ። ዶሮዋ ወይስ እንቁላሉ?

ጥያቄውን በሒሳብ መጀመሪያ ከነኩት መካከል ሩሲያ ሴንት ፒተርስበርግ ያስተምሩ የነበሩት ሁለት ፈረንሳውያን መሐንዲሶች፣ ላሜና ክላፔሮን ይገኙበታል። በ1831 ያሳተሙት ጽሑፍ ስለ ቀልጦ የነበረ ሉል ቅዝቃዜ ነው፤ በልባቸው የነበረችው ምድራችን ናት። ቅርፊቱ በጊዜው ስኩዌር ሩት ልክ እንደሚወፍር ደረሱበት። በ1860ዎቹ ደግሞ ፍራንዝ ኖይማን ኮኒግስበርግ ላይ በትምህርቱ የተሟላ መፍትሔ ሰጥቶ ነበር፤ ነገር ግን በታተመ መጽሐፍ የወጣው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ ስሙን የወሰደው ሌላ ሰው ሆነ።

ያ ሰው ዮሴፍ ስቴፋን ነው። በ1835 ኦስትሪያ ክላገንፉርት አጠገብ፣ ማንበብና መጻፍ ከማይችሉ የስሎቬን ወላጆች ተወለደ። በወጣትነቱ በስሎቬንኛ ግጥም ያሳትም ነበር። በኋላ ቪየና ላይ ታላቅ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1889 እጁን ያነሣው በዋልታ ባሕሮች ላይ ስለሚሠራው በረዶ ነው። ስቴፋን ወደ ዋልታ አልሄደም። የሄዱት የሰሜን ምዕራቡን የባሕር መንገድ ሲፈልጉ በረዶ ውስጥ ተይዘው የከረሙ መርከበኞች ናቸው። ያለ ሥራ አልከረሙም። የአየሩን ቅዝቃዜና የበረዶውን ውፍረት እየለኩ መዝግበው ነበር። ስቴፋን ያንን ሰንጠረዥ ወስዶ ከቀመሩ ጋር አስተያየው።

ቀመሩ የሚለው ይህን ነው። ውሃ ከላይ ሲጠጥር ሙቀቱን ወደ ቀዝቃዛው አየር መጣል አለበት። ሙቀቱ የሚያልፈው ግን በተሠራው በረዶ ውስጥ ነው። በረዶው በወፈረ ቁጥር ለታችኛው ውሃ ጋቢ ይሆንለታል። ጋቢው በደረበ ቁጥር ሙቀቱ በዝግታ ይወጣል፤ አዲሱ በረዶም በዝግታ ይሠራል። በቁጥር ላሳያችሁ። የበረዶው ፊት ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ቢቆይ በመጀመሪያው ቀን 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሠራል። ውፍረቱ እጥፍ ለመሆን ግን ሁለት ቀን አይበቃውም፤ አራት ቀን ያስፈልገዋል። በመቶ ቀን የሚደርሰው 1.1 ሜትር ላይ ብቻ ነው። ጊዜው መቶ እጥፍ፣ ውፍረቱ አሥር እጥፍ!

ይህችን ሕግ ልብ በሏት፤ የዚህ ጽሑፍ ጣጣ ሁሉ የሚመነጨው ከእርሷ ነው። ሙቀት በቀላጭ ቁስ ያከማቸ ሰው ማታ ማውጣት ሲጀምር መጀመሪያ የሚጠጥረው ቧንቧው ላይ የተጠጋው ንብርብር ነው። ያ ንብርብር ለቀሪው ጋቢ ይሆናል። ጎተራው ገና ሙሉ ነው፤ በሩ ግን እየጠበበ ይሄዳል። ሻማ የሚሠራበት ፓራፊን ደግሞ ሙቀት በማሳለፍ ከበረዶ አሥር ጊዜ ያህል ይሰንፋል። ለዚህ ነው ዛሬ የሚሠሩት ማከማቻዎች ውስጣቸው በብረት ክንፍና በግራፋይት የተሞላው። ክንፉ ሙቀት አይጨምርም። በሩን ያሰፋል እንጂ።

የዶቨር ቤትና ሦስቱ ሴቶች

አሁን ወደ ቤት እንግባ። ማሪያ ቴልኬሽ በ1900 ቡዳፔስት ተወልዳ እዚያው በ1924 የዶክትሬት ዲግሪዋን ያገኘች ሳይንቲስት ናት። በማግስቱ ዓመት አሜሪካ ሄደች፤ በ1939 ኤም አይ ቲ ገባች። በጦርነቱ ጊዜ ባሕር ላይ ለሚጣሉ አብራሪዎች የጨው ውሃ በፀሐይ የሚያጣራ መሣሪያ ሠርታለች። ሕልሟ ግን በፀሐይ ብቻ የሚሞቅ ቤት ነበር።

በዘመኑ የነበሩት የፀሐይ ቤቶች ሙቀታቸውን በውሃ ያስቀምጡ ነበር። ቴልኬሽ ግን ግላውበር የተባለውን ጨው መረጠች። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ዮሐን ግላውበር ያገኘው፣ በውስጡ ብዙ ውሃ የያዘ ሶዲየም ሰልፌት ነው። ርካሽ ነው፤ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይቀልጣል፤ ይህ ለቤት ማሞቂያ የተስማማ ነው። አንዱ ኪሎ ሲቀልጥ 250 ኪሎጁል ያህል ይደብቃል። አንድ ኪሎ ውሃ በአሥር ዲግሪ ብታሞቁት የሚይዘው 42 ኪሎጁል ነው። ስድስት እጥፍ ማለት ነው። በ1947 ኤም አይ ቲ ላይ ጨው የሞላበት ግድግዳ ተሞክሮ ውጤቱ አላማረም። የፕሮጀክቱ መሪ ሆይት ሆተል ቀድሞውንም በጨው ላይ ጥርጣሬ ነበረው፤ ከቴልኬሽም ጋር ተቃቃሩ። እርሷ ግን ነገሩን አልተወችውም።

በ1948 ማሳቹሴትስ ውስጥ ዶቨር በተባለች ከተማ ቤቱ ቆመ። ገንዘቡን የሰጠችው ቀራፂዋ አሚሊያ ፒቦዲ ናት። ንድፉን ያወጣችው አርክቴክት ኤልነር ሬይመንድ ናት። የሙቀቱ ነገር የቴልኬሽ ነው። ሴት መሐንዲስ እንደ ብርቅ በሚታይበት ዘመን ሦስት ሴቶች የሠሩት ቤት ነው። በደቡብ ገጹ ላይ፣ በላይኛው ፎቅ በኩል፣ የመስታወት ሰብሳቢዎች ተደርድረው ፀሐይ ይቀበላሉ፤ የሞቀው አየር በማራገቢያ እየተነዳ ጨው ወደታሸገባቸው ክፍሎች ይሄዳል። የጨው ብዛት በአሜሪካ ቶን 21 ገደማ። የቴልኬሽ ዘመድ የሆነ ሰው ከባለቤቱና ከልጁ ጋር በዚያው ዓመት በፈረንጅ ገና ዋዜማ ገብቶ መኖር ጀመረ።

በወረቀት ላይ ሒሳቡ ያምራል። 21 ቶን ጨው ሙሉ በሙሉ ሲቀልጥ ወደ 1,300 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት ይደብቃል። ፀሐይ ለብዙ ቀናት ብትጠፋም ቤተሰቡን ማሞቅ ይችላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክረምቶችም ቤቱ ጥሩ ሠራ፤ ጋዜጣና መጽሔት አወራለት፤ ጎብኚ ጎረፈለት። በሦስተኛው ክረምት ግን ነገሩ ተበላሸ። መያዣዎቹ ዝገው አፈሰሱ። ጨዉ ራሱም ከዳ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቤቱ እንደ ጎረቤቶቹ ነዳጅ የሚያነድ ማሞቂያ ገባለት።

ታዲያ ምን ነካው? ሁለት ነገሮች። የመጀመሪያው ይህ ጨው ሲቀልጥ እንደ በረዶ ወጥ ሆኖ አለመቅለጡ ነው። ከፊሉ በራሱ ውሃ ይሟሟል፤ ከፊሉ ውሃ አልባ ዱቄት ሆኖ ወደ ታች ይዘቅጣል። ሲጠጥር መሐል ላይ ቅርፊት ይሠራና ከላይ ያለውን ውሃ ከታች ካለው ዱቄት ይለያቸዋል። የተለያዩት አይገናኙም። በሚቀጥለው ቀን የሚቀልጠው ያነሰ ነው፤ በማግስቱም የበለጠ ያነሰ። ሁለተኛው፣ ጨዉ ከ32 ዲግሪ በታች ወርዶም ሳይጠጥር ፈሳሽ ሆኖ መቆየቱ ነው። ሙቀቱ ውስጡ አለ፤ አልወጣም ይላል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሏል ይሄ ነው። ቴልኬሽ ለዚህኛው መድኃኒት አግኝታለች። ጥቂት ቦራክስ ሲጨመርበት ለክሪስታሉ ዘር ሆኖ መጠጠሩን ያስጀምራል። መዝቀጡን ለመግታትም እርሷና ሌሎች ፈሳሹን የሚያወፍር ሸክላ ቀላቅለው ለዓመታት ደከሙ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የ1,300 ኪሎዋት ሰዓቱ ሒሳብ ስሕተት አልነበረውም። ጨዉ በመጀመሪያው ቀን የተባለውን ያህል ይዟል። ሒሳቡ ያልጠየቀው «በሦስት መቶኛው ቀንስ?» የሚለውን ነው። ጨዉ ዛሬም ነገም ያው ጨው ነው ብሎ ተነሣ። የሞዴል ጉድለት አብዛኛውን ጊዜ በተጻፈው ውስጥ አይደለም፤ «ይህስ ግልጽ ነው» ተብሎ ሳይጻፍ በቀረው ውስጥ ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ወረቀቱን የጻፈው ሳይሆን ቤቱ ውስጥ የሚያድረው ነው። ቴልኬሽ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። በ1973 በደላዌር ዩኒቨርሲቲ በተሠራው «ሶላር ዋን» ቤትም የእርሷ ቀላጭ ጨው ነበረበት። በ1995 ሞት ያገኛት ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ የትውልድ ከተማዋን ቡዳፔስትን ልትጎበኝ በሄደችበት ነው።

ኮምፒውተሩ ሲመጣ

የስቴፋን ቀመር ለቀጥተኛ በረዶ ይሠራል። ቧንቧና ክንፍ ላለበት፣ ሲቀልጥ ውስጡ ለሚፈስ ቁስ ግን አይበቃም። ድንበሩን በእርሳስ እየተከታተሉ ማስላት እብደት ነው። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ብቅ ያለው ዘዴ ግን ብልሃት አለው። ድንበሩን አታሳዱት አለ። ቁሱን በትናንሽ ክፍሎች ቆራርጡት። ለእያንዳንዱ ክፍል መዝገብ ክፈቱለት፤ ስንት ሙቀት ገባ፣ ስንት ወጣ? መዝገቡ ላይ ያለው ሙቀት ለመቅለጥ ከሚያስፈልገው በታች ከሆነ ጠጣር ነው። ከሞላ ፈሳሽ ነው። መሐል ከሆነ ከፊሉ ቀልጧል። ድንበሩ የት እንዳለ መዝገቡ ራሱ ይነግራችኋል። ይህ የብላክ ሒሳብ ነው፤ ሁለት ኳስ ብቻ የነበረው ሺህ ኳስ ሆነ።

በ1987 ቮለርና ፕራካሽ የፍሰቱን ነገር ጨመሩበት። ከፊሉ የቀለጠውን ክፍል እንደ ስፖንጅ ቁጠሩት አሉ፤ ጠጣሩ በበዛ ቁጥር ፈሳሹ ማለፍ ያቅተዋል። ዘዴው ዛሬ በየኮምፒውተር ፕሮግራሙ ውስጥ አለ። ነገር ግን ስፖንጁ ምን ያህል እንደሚያግድ የሚወስን አንድ ቁጥር አለበት፤ ያንን ቁጥር የሚመርጠው አስሊው ራሱ ነው። ከአሥር ሺህ እስከ መቶ ሚሊዮን ድረስ የተጠቀሙ አሉ። ቁጥሩ ሲቀየር የመቅለጫው ጊዜም ይቀየራል። እንግዲህ ከሙከራው ጋር እስኪገጥም ቁጥሩን እያሽከረከሩ «ሞዴሌ ልክ ነው» ማለት ምን ያህል ያስኬዳል?

ለዚህ የጋሊየም ታሪክ ትልቅ ትምህርት ነው። ጋሊየም 29.8 ዲግሪ ላይ የሚቀልጥ ብረት ነው፤ መዳፋችሁ ላይ ይቀልጣል። በ1986 ጋውና ቪስካንታ የተባሉ ተመራማሪዎች ሳጥን ውስጥ አድርገው ከአንድ ጎን አሞቁት። ብረት ስለሆነ ወደ ውስጡ ማየት አይቻልም። ስለዚህ ከተወሰነ ደቂቃ በኋላ የቀለጠውን ደፍተው የቀረውን ጠጣር ለኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣ የኮምፒውተር ስሌት ከዚህ ሙከራ ጋር ገጠመ፤ ፈሳሹም እንደ አንድ ትልቅ ጎማ ሲሽከረከር አሳየ። ሁሉም ደስ አለው። ብዙም ሳይቆይ ሌሎች አስልተው አንድ ሳይሆን ተደራርበው የሚሽከረከሩ ብዙ ትናንሽ ጎማዎች አገኙ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በ2003 የወጣ ጥናት ክፍሎቹን በጣም አድቅቆ አስልቶ ነገሩን ለየው። በዚያ በሁለት አቅጣጫ በተጻፈው እኩልታ መሠረት ትክክለኛው መልስ ብዙዎቹ ጎማዎች ናቸው። አንዱ ጎማ የታየው ስሌቱ ሻካራ ስለነበረ ነው።

አያችሁ? ከሙከራው ጋር የተስማማው ስሌት የራሱን እኩልታ እንኳ በትክክል አልፈታም ነበር። እውነተኛው ሳጥን ደግሞ ጥልቀት አለው፤ ከፊትና ከኋላ ግድግዳ አለው፤ ሁለት አቅጣጫ ብቻ ያለው ስሌት ይህን አያውቅም። አንዱ ጉድለት ሌላውን ጉድለት ሸፈነውና ሁለቱ ተደጋግፈው እውነት መሰሉ። ከልኬት ጋር መስማማት ምስክር ነው፤ ፍርድ ግን አይደለም።

ከክትባት ሳጥኑ እስከ ምጣዱ

«ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። መልሱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትከሻ ላይ ነው። ፕሮግራሙ በ2003 ከተጀመረ ወዲህ ክትባት ይዛ ቀበሌ ለቀበሌ ትዞራለች። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ውስጥ መቆየት አለበት። ሙቀት ብቻ አይደለም ጠላቱ፤ እንደ ቴታነስና ሄፓታይተስ ቢ ያሉት ክትባቶች ከጠጠሩ ይበላሻሉ። ከፍሪዘር የወጣ የበረዶ ከረጢት ደግሞ ከዜሮ እጅግ በታች ነው። በተለመደው ሳጥን እንደወጣ ብትከተው ክትባቱን ያጠጥረዋል። ስለዚህ ሥልጠናው የሚለው ይህን ነው፦ ከረጢቱን አውጥተሽ አቆዪው፤ ስትነቀንቂው በረዶው ውስጡ ሲንቀሳቀስ ከሰማሽ ያን ጊዜ ክተቺው። ድምፁ ማለት መቅለጥ ጀምሯል ማለት ነው። መቅለጥ ከጀመረ ደግሞ ቀልጦ እስኪያልቅ ከዜሮ ዲግሪ ንቅንቅ አይልም። የብላክ ኳስ እጇ ላይ ነው።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ያለው በበረዶ የተሸፈነ የክትባት ማቀዝቀዣም ያው ነው። መብራት ሲኖር ግድግዳው ውስጥ ያለውን ውሃ ያጠጥራል፤ መብራት ሲጠፋ በረዶው እየቀለጠ ክትባቱን ይጠብቃል። የዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት በ43 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ እንኳ ቢያንስ 20 ሰዓት እንዲጠብቅ ይጠይቃል። መብራት ሲመጣና ሲሄድ ለለመደ አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ምጣዱ ግን ይከብዳል። መቀሌ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ2010ሮቹ በፀሐይ እንጀራ ለመጋገር የሠራውን ሥራ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሐሳቡ ቀን በሳሕን መሰል መስታወት የፀሐይን ጨረር ሰብስቦ 220 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጥ የሁለት ናይትሬት ጨዎች ቅልቅል ማቅለጥ፣ ከዚያ ፀሐይ ባትኖርም መጋገር ነው። ደግሞም ይህን ስፔን ውስጥ ካሉት ትልልቅ የፀሐይ ኃይል ጣቢያዎች ጋር አታምታቱት። እነ አንዳሶል ተመሳሳይ ጨው በብዙ ሺህ ቶን ይጠቀማሉ፤ ነገር ግን ጨዉ ሁልጊዜ ፈሳሽ ነው፤ ይሞቃል ይቀዘቅዛል እንጂ አይጠጥርም። እዚያ የድንበር ጣጣ የለም።

እንጀራ ደግሞ ፈተናው ልዩ ነው። ሊጡ ምጣዱ ላይ ሲፈስ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ዓይኑን የሚያወጣለትም እንፋሎቱ ነው። አንድ ኪሎ ውሃ ወደ እንፋሎት ለመቀየር 2,257 ኪሎጁል ይጠይቃል፤ አንድ ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ ከሚያስፈልገው ስድስት እጥፍ በላይ። ይህም ድብቅ ሙቀት ነው። በዚያ ላይ የሚፈለገው በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ነው፤ ቀጣዩ ሊጥ ይጠብቃላ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ የሚበላው ለዚህ ነው። ለምሳሌ 20 ኪሎ ጨው አቅልጣችኋል እንበል። ኪሎው ሲጠጥር 110 ኪሎጁል ያህል ቢሰጥ ጠቅላላው 2,200 ኪሎጁል ነው። በኤሌክትሪክ ምጣዱ ልክ ብታወጡት አሥር ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። ከመቅለጫው በላይ ካሞቃችሁት ጊዜው ይረዝማል፤ ጨው ከጨመራችሁም ይረዝማል። ሆኖም ስቴፋን ይመጣል። ምጣዱ ሥር ያለው ጨው ቀድሞ ይጠጥርና ለቀሪው ጋቢ ይሆንበታል። ሦስተኛዋ እንጀራ ታምርና አሥራ አምስተኛዋ ሊጥ ሆና ትቀራለች።

ስለዚህ «ጎተራው ስንት ይይዛል?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። ትክክለኛው ጥያቄ «አሥራ አምስተኛዋ እንጀራ በምን ያህል ደቂቃ ትበስላለች?» የሚለው ነው። ቀጥሎም «ከአምስት መቶ ቀን በኋላስ?» የሚለው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ብላክ በአንድ ቀን መለሰው። ሁለተኛው ስቴፋንን፣ ሦስተኛው ቴልኬሽን ፈጀ። ፕሮጀክት ይዞ ወደ ባለማድቤት የሚሄድ ሰው ሦስቱንም መልሶ ቢሄድ መልካም ነው። ካልሆነ ዘመናዊው ምድጃ ጓሮ ይጣልና እናት ወደ ማገዶዋ ትመለሳለች። ያን ጊዜ «ኅብረተሰቡ አዲስ ነገር አይቀበልም» የሚል ሪፖርት ይጻፋል። እርሷ ግን የተቀበለችውን ፈትናዋለች። በየቀኑ አሥራ አምስተኛዋን እንጀራ የምትጋግረው እርሷ ናትና፣ ከሁላችንም በፊት መልሱን የምታውቀው እርሷ ናት። ሞዴሉን የሚሠራ ሁሉ መጀመሪያ ወደ እርሷ ሄዶ ቢለካ ጥሩ ነው።

ቸር ያሰንብተን።